ቁልፉን ሊያይ የሚመጣው ሰውዬ

ማስተርን ሳውቀው አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የእኔን ልብስ ስፌትና የእሱን ቁልፍ መሥሪያ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከዚህኛው ወገን ሆኜ ነው። ማስተር የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ የማይከፍተው በር የለም ለማለት። እውነት ነው፣ የለም። ችግሩ ያልተጠራበትንም ይከፍት ነበር።

ይህን ታሪክ እንድናገር ፈቅዶልኛል። «ይንገሩ እትዬ፤ የእኔን አንድም ሳያስቀሩ፣ የሌሎቹን ግን እዚያው ይተዉት» ነው ያለኝ። እተወዋለሁ። ከአንድ የአውቶቡስ ሾፌር በቀር፤ እሱ የራሱን ታሪክ ቢከለክሉትም ለመንገደኛ ይናገራል።

ማስተር መጠጥ የጀመረው «እጄን ላርጋ» ብሎ ነው። ቀጭን ሥራ ሲመጣ አንድ ይቀምሳል። ከዚያ ወፍራም ሥራ ሲመጣም መቅመስ ጀመረ። በኋላ ሥራ ባይመጣም «ምናልባት ከመጣ» እያለ ይቀምስ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እኛም ስንስቅ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ተጠርቶ ሄዶ አራተኛ ፎቅ የከፈተ ቀን ከሳቁት አንዷ እኔ ነኝ። አንድ ጡረተኛ ከነሚስታቸው ምሳ ሲበሉ በራቸው ብርግድ ይላል። ማስተር ካቻቢቴውን ይዞ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «አይዟችሁ፣ ተከፍቷል» አላቸው።

«እኛ እኮ ውስጥ ነን» አሉት ሽማግሌው።

«እሱማ እናንተን ላስወጣ ብዬ ነው» አለ።

የመጨረሻው ሳቅ ግን እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ እቤቱ ደጃፍ ነው የሆነው። የሚኖሩበት ፎቅ ላይ ሁለት በሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ማስተር ሞቅ ብሎት መጣና መክፈቻውን ከቀኙ በር ጋር ያታግለው ጀመር። እምቢ አለው። ዕቃውን ከቦርሳው አውጥቶ ተንበረከከ። ላብ አጠመቀው። ግማሽ ሰዓት ሲሆነው ከጀርባው የግራው በር ተከፈተ፤ ሚስቱ እጇን አጣጥፋ መቃኑን ተደግፋ ቆማለች። ዞር ብሎ አያት።

«አንቺ ደግሞ ውጭ ምን ትሠሪያለሽ? ቆይ፣ አሁን እከፍትልሻለሁ» አላት።

ይኼን ከማለቱ በሩ ተከፈተለት። ከውስጥ ጎረቤትየዋ መጥረጊያ ወድራ ቆማ ነበር።

ሚስቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጉድፍ ስትፈትግ ስለምትውል እቤቷ ገብታ ነገር የምትፈትግ ሴት አይደለችም። ሰኞ ግን ማስተር ከሥራ ሲመለስ መክፈቻው እቤቱ በር ውስጥ አልዞር አለው። በዚህኛው ጊዜ በሩ የራሱ ነበር፤ ቁልፉ ነው የተለወጠው። ከአደባባዩ ማዶ ያለውን ቁልፍ ሠሪ፣ ማስተር ስሙን ሲሰማ የሚያስለውን ሰውዬ፣ ጠርታ አስቀይራዋለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ታንኳኳለህ» አለችው። «ከፍቼ፣ ፊትህን አይቼ ነው የምትገባው። መክፈቻውን እንዳትጠይቀኝ።»

በማግስቱ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ ያልተሰፋ ኮት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። «እትዬ፣ ሌላ ወንድ ብታስገባ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ቁልፍ ሠሪ አስገባች! ደግሞ ብሎኑን አጣሞታል!»

«አንተ በሁለት ደቂቃ ትከፍተው የለም እንዴ?» አልኩት።

«እከፍተዋለሁ። ግን በገዛ ቤቴ ላይ ሌባ ልሁን?» አለና አፍንጫውን በኮቱ ገበር ጠረገ። የደንበኛ ኮት ነበር።

ከዚህ በኋላ ተወ እንዳትሉ። በንዴት ጨመረበት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለለት። የመዋዕለ ሕፃናት አዳራሽ ነው፣ መክፈቻው በሩ ውስጥ ተሰብሯል፣ ሰዎች ደጅ ቆመዋል፣ ቶሎ ና። ሁለት ብርጭቆ ቀምሶ ነበር፤ ሄደ። ደረጃው ላይ ዘጠኝ ሰዎች ተቀምጠዋል። የደወሉለት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁሉም ሲስተር ይሏቸዋል። መክፈቻውን የሰበረው ትከሻው በር የሚያህል የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እንደ መሪ ሲጠመዝዘው ግማሹ እጁ ላይ ቀርቷል።

ማስተር ተንበርክኮ መሥራት ጀመረ። ወረንጦው ከቀዳዳው እየሳተ እንጨቱን ይቧጭራል።

«ይቅርታ፣ እጄን ትንሽ በርዶታል» አለ። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

«አይዞህ፣ ቀስ በል» አለው ሾፌሩ። «የእኔንም እንደዚህ ይበርደው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ።»

«የእኔን ስድስት» አለች አንዲት ፀጉር ሠሪ። «መቀስ መያዝ አቅቶኝ የሰው ጆሮ ቆርጫለሁ።»

ከወዲያ አንድ ሌላ ሰው «የእኔ እስካሁን ጠዋት ጠዋት ይነሳበታል» አለ።

ማስተር እንዲህ ዓይነት ደንበኛ አይቶ አያውቅም። ሰው በር ሲዘጋበት ይሳደባል፣ ሰዓቱን ያያል፣ «ትችላለህ አትችልም?» ይላል። እነዚህ ግን ያባብሉታል። ቀና ብሎ አያቸው።

«ሁላችሁም ቁልፍ ሠሪዎች ናችሁ እንዴ?» አለ።

ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ደረጃው ላይ ተዘረጋ። ሲስተር ብቻ አልሳቁም፤ ብርጭቆ ውሃ አምጥተው ሰጡት።

በሩ በአርባ ደቂቃ ተከፈተ። አዲሱን ቁልፍ ገጥሞ ለመሞከር ግን ከውስጥ መዝጋት ነበረበት፤ እናም እዚያው ውስጥ ቀረ። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ወንበሮቹ ቀይና ቢጫ ናቸው፣ ቁመታቸው ከጉልበት በታች። ሾፌሩ ሁለት ወንበር አጋጥሞ ነው የተቀመጠው። ግድግዳው ላይ ዳክዬ፣ ጥንቸልና ፊደል ተሥሏል።

«ወንድሜ» አሉት ሲስተር፣ «እኛ ስብሰባ አለን። አንተ ሥራህን ሥራ፤ የምትሰማውን ግን ይዘህ አትውጣ።»

«የምን ስብሰባ ነው?»

«መጠጥ ያስቸገረን ሰዎች ነን።»

«እግዜር ያጽናችሁ» አለ ማስተር፣ ሐዘን ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ፤ አፉ ግን ሁለት ሜትር ድረስ ይሸት ነበር።

ሾፌሩ ጀመረ። አውቶቡሱ ላይ መጠጥ የሚደብቅበት ቦታ ሲያጣ የፊት መስታወት ማጠቢያው ውሃ መያዣ ውስጥ ገልብጦ በቀጭን ቱቦ ይስብ ነበር። አንድ ቀን አቧራ ተነሣ፤ ረስቶት ማጠቢያውን ተጫነው። መስታወቱ በመጠጥ ታጠበ። በጎን በኩል አለቃው ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ላይ ፍንጥቅ አለበት። አለቃው ከንፈሩን በምላሱ ቀመስ አደረገ፣ ከዚያ ሾፌሩን አየው። «ከሥራ የታገድኩት በጣዕም ነው» አለ ሾፌሩ። ሥራው ላይ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እነዚያን ሁለት ዓመታት ሲያወራ ደግሞ ማንም አልሳቀም።

ማስተር በሩ ሥር እንደተንበረከከ በማጠቢያው ታሪክ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጆሮውን ጣል አደረገ። ሥራው አልቋል። አንዲት ብሎን ያጠብቃል፣ ያላላል፣ ያጠብቃል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ «እዚያ ግን እትዬ፣ ሻይና ብስኩት ሲያወጣው አየሁ» ብሎኛል።

ሲወጣ ሲስተር በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ብሎኗ ጠበቀች?»

«ጠብቃለች። ግን... ልትላላ ትችላለች። የዛሬ ሳምንት መጥቼ ባያት ደስ ይለኛል።»

«አራት ሰዓት ላይ ነን» አሉት።

በሳምንቱ ሄደ፤ ዋስትና ነው ብሎ። በሦስተኛው ቅዳሜ ዘይት ሊቀባ ሄደ። በአራተኛው «መቀርቀሪያው ይንጫጫል» አለ፤ ከሱ በቀር የሰማው አልነበረም። በአምስተኛው ሰበብ ሲያልቅበት ደህናውን ቁልፍ ፈታትቶ መልሶ ገጠመው። ማንም ምንም አላለውም። ሰዎች ሲያወሩ ካቻቢቴውን ይዞ በሩ ሥር ይቀመጣል፤ ከሳምንት ሳምንት ግን ወንበሩ ወደ ክቡ አንድ አንድ ስንዝር ይጠጋ ነበር።

ሥራ ላይ ነኝ ስለሚል ቅዳሜ ጠዋት አይቀምስም። ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ዓርብ የጠጣ ሰው ቅዳሜ ከነሸሚዙ እንደሚሸት ስትነግረው ዓርብን ተወ። ሐሙስና ረቡዕ ለብቻቸው ሲቀሩ ደበራቸው መሰለኝ፣ እነሱም ሄዱ። ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ ሰኞ ግድግዳው ማዶ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ከስፌት መኪናዬ በላይ ይሰማ ነበር። ሲስተር መጥተው እጁን ይዘው ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። «ይኼ በጉራ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ ሰውነት ሲደነግጥ ይገድላል» አሉት። መድኃኒት ታዘዘለት። ለእኔ «ዘመዱ ነኝ» ብለው ነው የሄዱት፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እቤቱ ግን ትንፍሽ አላለም። «ብናገርና ቢያቅተኝስ?» ብሎ ነው። እነሆ ሚስቱ አንድ ዓርብ ዓይኗ ደፍርሶ መጣች።

«እትዬ፣ ሰውዬዬ ሌላ ሴት ይዟል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ይላጫል! ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዝ ያማርጣል። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አልሰከረም፤ ለእኔ በሃያ አምስት ዓመት ያላደረገውን ለማን ብሎ ነው የሚያደርገው?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ሱሪው ላይ የሕፃን ቀለም አግኝቻለሁ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ የጣት አሻራ ያለበት። ቆሻሻ ማወቅ ሥራዬ ነው፤ አይሸውደኝም። ልጅም ወልዶላታል!»

ከነገሩ ጦም እደሩ ማለት ነበረብኝ። ግን ወሬ መውደዴን ምን እደብቃለሁ፤ በነጋታው ስፌት ቤቴን ዘግቼ አብሬያት ወጣሁ።

ከሩቅ ተከተልነው። መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ስታይ ጎትታ መስኮቱ ሥር ወሰደችኝ። በመስኮቱ አጮልቀን አየን፤ ማስተር ቢጫ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ ጆሮው ድረስ ደርሷል። አጠገቡ አንዲት ቆንጆ ሴት ታለቅሳለች። እሱ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ሰጣት።

«እኔ የተኮስኩት መሐረብ!» አለች ሚስቱ፣ በሩንም በሁለት እጇ ደበደበችው። በሩ አልተነቃነቀም፤ የአምስት ቅዳሜ ሥራ ነው።

የከፈተው ሾፌሩ ነው። እሷ በክንዱ ሥር ሾልካ መሀል ገባች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ይቺ ናት?»

እዚያ ያሉት ሁሉ የሌላውን ሰው ምሥጢር ላያወጡ ቃል ገብተዋል፤ ማን ምን ይበል? ፀጉር ሠሪዋ መሐረቡን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሲስተር ማስተርን አዩት፣ ማስተር ዳክዬውን ያያል። በመጨረሻ ሾፌሩ ሊያግዝ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የወላጆች ስብሰባ ነው» አለ።

«የምን ወላጆች? የእኔ ልጆች ሃያ ዓመት አልፏቸዋል! የማን ወላጅ ነው እሱ?»

«እሱ... የመዋዕለ ሕፃናቱ...» ሾፌሩ ላብ በላብ ሆነ።

ማስተር ተነሣ። ወንበሩ ተጣብቆበት አብሮት ተነሣ፤ በእጁ አላቀቀው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሰባት ሳምንት ሙሉ እዚያ ሲመላለስ ስለ ራሱ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ሁሌም ቁልፉን ሊያይ ነው የመጣው።

«እኔ» አለ፣ «እኔ ሰካራም ነኝ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሾፌሩ አለቀሰ። ፀጉር ሠሪዋ በሚስቱ መሐረብ ዓይኗን ጠረገች። ሲስተር እንኳ ከተቀመጡበት ተነሡ።

ሚስቱ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ይኼንንማ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል!» አለች። «እኔ የምጠይቀው እዚህ ምን ትሠራለህ ነው!»

እኔ ነኝ በጆሮዋ የነገርኳት፤ ከእሷ ቀድሞ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ቀስ እያለ ፊቷ ተለወጠ። ሲስተር ቀይ ወንበር አቀረቡላት፣ ተቀመጠች፣ ሻይ ሰጧት። ሻዩን አማስላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ስታንኳኳ አውቅ ነበር» አለችው። «በጣትህ ሦስቴ ካንኳኳህ ደህና ነህ። በመዳፍህ ከሆነ ሁለት ብርጭቆ። በግንባርህ ስትመታው ደግሞ ውሃ እጥዳለሁ። ሰሞኑን በጣት ብቻ ሆነ። በጣት፣ በጣት... ፈራሁ። ደስ እንዳይለኝ ፈራሁ።»

ማስተር ብስኩት አቀበላት።

ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ሰላም ሆነ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። በአራተኛው ወር መክፈቻ የጠፋበት አንድ ሰው አስጠራው። ሲደርስ የተጠራው ቡና ቤት ነው፤ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሟል። ማስተር «ሥራ ነው» ብሎ ከፈተለት። ባለቤቱም ደስ ብሎት «እንካ ወንድሜ፣ ለድካምህ» አለው፤ ለድካም ከሚሰጥ ነገር ሁሉ መርጦ። አንዱን ጠጣ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ጠጣ። ሁለት ቅዳሜ ከስብሰባው ቀረ። ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ይቀመጣል፤ ብጠራው «የለም» ይለኛል በራሱ ድምፅ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መንገዳችን ላይ ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነ። የከተማ አውቶቡስ ከነመንገደኛው መጥቶ ሱቃችን ፊት ቆመ፤ ክላክሱ አልቆም አለ። ሾፌሩ በመስኮት ወጥቶ ወገቡ ድረስ ተንጠልጥሏል።

«ማስተር! ውጣ! ካልወጣህ አልንቀሳቀስም!»

«የለም!» አለ ማስተር ከውስጥ።

መንገደኛው ይጮኽ ጀመር። አንዱ ቀጠሮ አለኝ ይላል፣ አንዷ ልጄን ትምህርት ቤት ላድርስ ትላለች። ከኋላ አንዲት አሮጊት ወርደው የቆርቆሮውን በር በምርኩዛቸው መቱት።

«ልጄ፣ ምን እንደበደልከው አላውቅም፤ ብቻ ይቅርታ ጠይቀውና እንሂድ!»

በሩ ተከፈተ። ማስተር ያልተላጨ ፊቱን ይዞ፣ ስድሳ ሰው እያየው ቆመ። የሰው ፊት እሳት ነው።

«ቅዳሜ» አለው ሾፌሩ፣ አሁን ቀስ ብሎ።

«ወደቅሁ እኮ» አለ ማስተር።

«ታዲያ የተነሣ ሰው ምን ሊያደርግ ይመጣል? ለወደቀ ነው ስብሰባው። ቅዳሜ!»

«እሺ፣ ቅዳሜ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ምን እንደሆነ ባያውቁም አጨበጨቡ፤ ዋናው መንቀሳቀሱ ነው። ሾፌሩ ስለ መዘግየቱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ደብዳቤውን ማስተር ዛሬም ሱቁ ውስጥ በመስታወት አስገብቶ ሰቅሎታል።

ቅዳሜ ሄደ፤ ካቻቢቴ ሳይዝ። አሁን መጠጥ ከተወ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። ሚስቱ በስምንተኛው ወር ላይ መክፈቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለት ሥራዋ ሄደች፤ ማታ ስትመለስ የተጣመመውን ብሎን ለውጦ ጠበቃት። እሷም ማክሰኞ ማክሰኞ የቤተሰቦች ስብሰባ ትሄዳለች። ምን እንደምትል አትነግረውም፤ እሱን ደግሞ ነገሩ አንጀቱን ይበላዋል። «ስለ እኔ ምን ትላለች እትዬ?» ይለኛል። እኔ ምን አውቄ።

መጠጥ የተወ ሰው ትልቁ ችግሩ ሰዓት መትረፉ እንደሆነ ከእሱ ነው ያየሁት። ከሥራ በኋላ ያሉትን ሰዓቶች የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። መጀመሪያ ምክር ጀመረ፤ ሰፈሩ ሸሸው። ቀጥሎ ሱቁ ፊት በቀለም ቆርቆሮ ቲማቲም ተከለ፤ ጠዋት ያጠጣል፣ ማታ ያጠጣል፣ ምሳ ሰዓት ቅጠሉን በጨርቅ ይወለውላል። ተክሉ አድጎ መስኮቴን ስለጋረደው የሰቀልኩት ቀሚስ ከመንገድ አይታይም። «ቁረጠው» ስለው «እንዴት አድርጌ፣ አበባ ይዟል እኮ» ይለኛል፤ በዚህ ሁለት ሳምንት ተኳርፈናል። ትናንት ግን በቆርቆሮው ግድግዳ ላይ በጣቱ አንኳኳና በላዩ ሦስት ቲማቲም አቀበለኝ። ሁለቱ ጥሬ ናቸው። አንደኛውን ቆሜ በላሁት፤ ውሸት ለምን ልናገር፣ ጥሩ ነው።